«አብራክሳስ ግእዝ ነው» ያለው ሰውና ተከትሎት የመጣው ጭቅጭቅ

ክሩን፣ ማለትም በበይነመረብ መድረክ ላይ የተጀመረውን ውይይት፣ የከፈተው ሰው ጥያቄ አልጠየቀም። ፍርድ ነው የሰጠው። አብራክሳስ የሚባለው የጥንት ቃል ግሪክኛ እንዳልሆነና ከግእዝ እንደተሰረቀ ጻፈ። ማስረጃው አጭር ነው። «አብ» አባት ነው፤ «ራክሳስ» ደግሞ ግሪኮች ምላሳቸው አልታዘዝ ብሏቸው ያበላሹት «ራስ» ነው። ሁለቱን ስትገጥማቸው የሁሉ አባትና ራስ ማለት ይሆናል። ከጽሑፉ ሥር የአንድ ቀለበት ድንጋይ ፎቶ ለጥፏል። የዶሮ ራስ፣ የሰው ገላ፣ በእግር ፋንታ ሁለት እባቦች ያሉት ፍጡር ተቀርጾበታል። በአንድ እጁ ጋሻ፣ በሌላው ጅራፍ ይዟል። ሰውየው የስሙ ፊደላት ሲደመሩ 365 እንደሚመጡ አነሳና፣ ይህን ምሥጢር የሚያውቁት የእኛ አባቶች ብቻ ነበሩ ብሎ ዘጋው።

የዘጋው መስሎት ነበር። ከሠላሳ በላይ መልስ ዘነበበት። ብዙው ቀልድና ስድብ ነው። የቀረው ግን ተቀምጦ የሚነበብ ስለሆነ፣ መላሾቹን በመልሳቸው ተራ ቁጥር እየጠራሁ እሱን ልተርክላችሁ።

ቁጥር 1 በጨዋ ደንብ አመስግኖ አለፈ። ቁጥር 2 የሁላችንንም ጥያቄ ጠየቀ። ፊደል እንዴት ይደመራል?

ቁጥር 3 የሂሳብ መምህር እንደሆነ ከነገረን በኋላ ጠመኔውን አነሳ። የጥንት ግሪኮች ለቁጥር ብቻ የተለየ ምልክት አልነበራቸውም፤ ፊደሉ ራሱ ቁጥር ነበር ሲል አስረዳ። አልፋ 1፣ ቤታ 2 እያለ ይሄዳል። ዮታ ላይ 10 ይደርስና በአሥር አሥር ይቀጥላል። ሮ ላይ 100 ይገባል፤ ከዚያ በመቶ በመቶ እስከ ኦሜጋ 800 ይወጣል። እስከ 900 ለመቁጠር 27 ምልክት ያስፈልጋል፤ ፊደሉ ግን 24 ብቻ ነው። ስለዚህ ከንባብ ጡረታ የወጡ ሦስት አሮጌ ፊደላት ለ6፣ ለ90 እና ለ900 ተጠሩ። እንዲህ ባለ አጻጻፍ ማንኛውም ቃል ሳይፈልግ ድምር ይኖረዋል። የገበያ ሂሳብ የሚያውቅ ሁሉ የጎረቤቱን ስም ደምሮ መሳቅ ይችል ነበር።

ከዚያ ቃሉን ፊደል በፊደል ዘረዘረው። አልፋ 1፣ ቤታ 2፣ ሮ 100፣ አልፋ 1፣ ሲግማ 200፣ አልፋ 1፣ ክሲ 60። ደምሩት፤ 365 ነው።

ቁጥር 4 ዓይኑ የሰላ ሰው ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ሲግማ ከክሲ ቀድሞ እንደመጣ አስተዋለ። እንደዚያ ከሆነ ቃሉ የሚነበበው «አብራሳክስ» ተብሎ እንጂ «አብራክሳስ» አይደለም። ቁጥር 5 ትክክል እንደሆነ አረጋገጠለት። በጥንቶቹ ድንጋዮችና በግሪክኛ የአስማት ፓፒረሶች ላይ የሚበዛው አብራሳክስ ነው። ዛሬ የተለመደው አብራክሳስ በላቲን ቅጂዎች በኩል ፊደላቱ ቦታ ተለዋውጠው የመጣ ነው። ድምሩ ግን ወዲያና ወዲህ አይልም፤ ፊደላቱ ያው ናቸውና።

ይህ ለክሩ ባለቤት ሠርግና ምላሽ ሆነለት። በቁጥር 6 ተመልሶ መጣና አሁንማ «ራስ» ሙሉ ሆኖ ወጣ አለን፦ አብ፣ ራስ፣ አክስ። ቁጥር 7 «አክስ» ምን ማለት እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። ሰውየው ለአፍታም ሳያቅማማ አክሱም ነው ብሎ መለሰ። ቁጥር 9 ደግሞ ከአክሱም ይልቅ ለ«አክስት» እንደሚቀርብ፣ ቃሉም «የአብ ራስ አክስት» ተብሎ ቢተረጎም እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበች። ለጥቂት ጊዜ ክሩ በሳቅ ምልክት ተጥለቀለቀ። ቁጥር 10 በታሪካችን ላይ የምታላግጡ ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። አልተመለሰም።

ቁም ነገሩ የጀመረው ቁጥር 11 ላይ ነው። ጸሐፊው የጥንት ታሪክ የሚያነብ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ቃሉን ወደ ተወለደበት አካባቢ ወሰደን፤ ወደ እስክንድርያ። በሮማው ንጉሠ ነገሥት በሐድርያኖስ ዘመን፣ ማለትም ከ117 እስከ 138 ባለው ጊዜ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ባሲሊደስ የሚባል መምህር በዚያች ከተማ ያስተምር ነበር። ስለ ትምህርቱ ብዙ የነገሩን ተቃዋሚዎቹ ናቸው። የሊዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ በ180 አካባቢ መናፍቃንን ሲነቅፍ እንደጻፈው፣ የባሲሊደስ ተከታዮች 365 ሰማያት አሉ ይሉ ነበር። የእነዚህ ሰማያት አለቃ ስም አብራሳክስ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ራሱ 365 ነው። ኤጲፋንዮስም ቆየት ብሎ፣ እነዚሁ ሰዎች የሰው አካል 365 ክፍል አለው ይላሉ ብሎ ጻፈባቸው። ዓመቱም፣ ሰማዩም፣ ገላውም በአንድ ቁጥር ታሰሩ ማለት ነው።

ቁጥር 12 ባሲሊደስ የጎንደሩ ፋሲለደስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁለት ሰዎች ሳቁበት፤ ቁጥር 13 ግን ጥያቄው የሚያስቅ እንዳልሆነ ተናገረ። ስሙ አንድ ነው። ሁለቱም «ንጉሥ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል የመጡ ናቸው። ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዓፄ ፋሲለደስ ስማቸው የሰማዕቱ ፋሲለደስ ነው። የእስክንድርያው መምህር ሌላ ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም እንደ መናፍቅ ነው የምታውቀው። የጠየቀው ልጅ አመሰገነ። እንዲህ ያለ ጨዋነት በክሩ ውስጥ ከዚህ በኋላ ብዙም አልታየም።

ስለ ፎቶው ያነሳው ቁጥር 14 ነበር። የዶሮ ራስና የእባብ እግር ያለው ምስል በ2ኛውና በ3ኛው መቶ ዘመን በተሠሩ ብዙ የክታብ ድንጋዮች ላይ ይገኛል። ሰዎች «የአብራክሳስ ድንጋይ» ይሏቸዋል። ግን ከምስሉ አጠገብ በብዛት የሚጻፈው ስም አብራሳክስ አይደለም፤ «ኢያኦ» ነው። ኢያኦ የዕብራውያን አምላክ ስም በግሪክኛ አፍ ነው። ድንጋዮቹን የባሲሊደስ ተከታዮች ስለ መሥራታቸውም ማስረጃ የለም። ሆድ ቁርጠት ያለበት፣ ጠላት የሚፈራ፣ ፍቅር የያዘው ሁሉ እየገዛ አንገቱ ላይ የሚያስረው ነገር ነበር። በ1945 በግብፅ ናግ ሐማዲ በተገኙት የቅብጥ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ አብራሳክስ የሰማያት አለቃ ሳይሆን ጋማልኤል ከሚባለው መልአክና ከመሰሎቹ ጋር የቆመ አገልጋይ ነው። ስለዚህ ይህ ስም አንዴ አምላክ፣ አንዴ መልአክ፣ አንዴ የኪስ መድኃኒት እየሆነ ሲዞር ኖሯል።

ቁጥር 15 የስሙን ምንጭ በተመለከተ ምሁራን የሰነዘሯቸውን ግምቶች ደረደረ። ከዕብራይስጡ «አርባ»፣ ማለትም «አራት» የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ የእግዚአብሔር ስም በዕብራይስጥ አራት ፊደል ስለሆነ ነው። «አብ» ከሚለው ሴማዊ ቃል የሚጀምሩም አሉ። ከግብፅኛ የሚያወጡትም አልጠፉም። ከሁሉም ያሸነፈ የለም። የክሩ ባለቤት ከዚህ ሁሉ መሀል «አብ» የምትለዋን ብቻ መዞ፣ ምሁራንም መሰከሩልኝ ብሎ ፎከረ።

እዚህ ላይ ነው ቁጥር 16 የመጣው። እኔ ከክሩ ሁሉ ምርጥ የምለው መልስ የሱ ነው። ሥሩን የምትፈልጉት በተሳሳተ ጫፍ ነው አለ። ይህ ቃል ትርጉም ኖሮት በኋላ ቁጥር የተገኘለት አይደለም። ቁጥሩ ቀደመ፤ ቃሉ እንደ ልብስ ተለክቶ ተሰፋለት። ሰባት ፊደል መሆኑም ድንገተኛ አይመስለውም፤ በጊዜው የሚታወቁት ፕላኔቶች ፀሐይንና ጨረቃን ጨምሮ ሰባት ነበሩ።

ማስረጃውን ከሌላ ቃል አመጣ። የሮማ ወታደሮች ያመልኩት የነበረው ሚትራስ በተለመደው የግሪክኛ አጻጻፍ ሲደመር 360 ነው። ሚ 40፣ ዮታ 10፣ ቴታ 9፣ ሮ 100፣ አልፋ 1፣ ሲግማ 200። አምስት ጎደለ። ታዲያ ከዮታ በፊት አንዲት ኤፕሲሎን ጣልቃ ማስገባት ነው፤ ኤፕሲሎን 5 ናት። ንባቡ ብዙም አይለወጥም። ቁጥሩ ግን 365 ይሞላል። ይህን ጨዋታ ጄሮም የተባለው የቤተ ክርስቲያን አባት ራሱ ያውቀው ነበር። የነቢዩ አሞጽን መጽሐፍ ሲተረጉም፣ ባሲሊደስ አብራክሳስ የሚለውን አሕዛብ በሌላ ፊደል በዚያው ቁጥር ሜይትራስ ይሉታል ብሎ ጽፏል።

ይህን ሳነብ እኔም ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ። 360 ሲደመር 5። ኢትዮጵያዊ ይህን ቁጥር ሲያይ ምን ትዝ ይለዋል?

ቁጥር 17 ቀድሞኝ ጻፈው። አሥራ ሁለት ወር በ30 ቀን 360 ነው፤ የተረፈችው አምስት ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን የሚለው ቃል ራሱ «የተጨመሩ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል፣ ከኤፓጎሜናይ፣ የመጣ ነው። የእኛ ዓመት አቆጣጠር የእስክንድርያን ነው የሚመስለው፤ የእስክንድርያው ደግሞ ከጥንታዊው የግብፅ ዓመት የወጣ ነው። ባሲሊደስ 365 ሲል በልቡ የነበረው እኛ ዛሬ ግድግዳ ላይ ከሰቀልነው ጋር የሚዛመድ ካላንደር ነው። ከግእዝ ወደ ግሪክኛ የሄደ ቃል የፈለገ ሰው ተገላቢጦሹን አገኘ።

ቁጥር 18 ነገር አላምር ያለው ዓይነት ሰው ነው። ባሲሊደስ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በአውግስጦስ ዘመን፣ እስክንድርያ ውስጥ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን መጨመር ተጀምሮ ነበር ሲል አስታወሰ። ታዲያ ስድስተኛዋ ጳጉሜን ከአብራሳክስ ውስጥ የት ገባች? በዘመነ ሉቃስ ስሙ ላይ ሌላ አልፋ ይቀጠላል ወይ? ጥያቄው ለቀልድ ቢመስልም የሚያስኬድ ነው። ቁጥር 19 መለሰለት። አሮጌው ባለ 365 ቀን ዓመት በሊቃውንቱ ዘንድ አልሞተም ነበር። በዚያው ከተማ በ2ኛው መቶ ዘመን የኖረው የሥነ ፈለክ ሊቅ በጥሊሞስ ስሌቱን የሚሠራው በዚያ ዓመት ነው፤ ሁሉም ዓመት እኩል ስለሆነ ለመደመር ይመቻልና። ቁጥር 18 እሺ አላለም፣ ግን ዝም አለ። በበይነመረብ ይህ እንደ መስማማት ይቆጠራል።

ከዚህ ቀጥሎ የአብነት ትምህርት ያለፉ አንድ አባት ገቡ። ሰዉ ወዲያው አንቱ ማለት ጀመረ። ብዙ አላወሩም። የግእዝን አኀዝ ከግሪክ ፊደል ጎን አስቀምጣችሁ እዩ አሉን። ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፫ ከጋማ የወጡ ናቸው። ፲ ዮታ ናት። ፷ ክሲ ናት፤ ያችው የአብራሳክስ መጨረሻ። ፻ ደግሞ ሮ ናት። ፮ እና ፺ እንኳ መምህሩ ቁጥር 3 ላይ ጡረታ የወጡ ካላቸው ፊደላት የመጡ ናቸው። ላይና ታች ያሉት መስመሮችም ይህ ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው ለማለት ናቸው፤ ግሪኮችም በላዩ መስመር ያሰምሩ ነበር።

ግን የእኛ ሰዎች ፻ ላይ ቆሙ። 200ን ከሲግማ፣ 300ን ከታው አልወሰዱም። አባዝተው ጻፉ። ስለዚህ 365 በግሪክኛ ሦስት ምልክት ሲሆን በግእዝ አራት ነው፤ ፫፻፷፭። ሌላም ነገር ለየው። በግእዝ ሀ ሁ ለብቻው ነው፣ አኀዙ ለብቻው። ግሪኩ ስሙን ሲጽፍ ሂሳብም እየጻፈ ነው፤ እኛ ስንጽፍ ስም ብቻ ነው የምንጽፈው። አብራሳክስ ግእዝ ቢሆን ኖሮ 365 አይሆንም ነበር።

የክሩ ባለቤት ይህን መዋጥ አቃተው። ግሪኮች ናቸው ከእኛ የወሰዱት ብሎ መለሰ፤ በዚያው ጋሼ ያላቸውን አባት ባንዳ ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ቁጥር 22 ወዲያው ነከሰው። ሽማግሌ የማያከብር ስለ አባቶች አያውራ አለ። ቁጥር 23 ደግሞ የግሪክ ፊደል ሥሩ ፊንቄ እንደሆነ፣ የእኛም ፊደል በሳባውያን በኩል ከዚያው ሴማዊ ቤተሰብ እንደሚወጣ፣ ስለዚህ ዘመድ ለዘመድ እንደምንጣላ አስታወሰ። አወያዩ ገብቶ ሁለት መልስ ሰረዘ። ምን እንደነበረባቸው ማየት አልቻልኩም፤ ከአጻጻፉ ግን ይገመታል።

ቁጥር 24 ርዕሱን ወደ ክታብ ወሰደችው። በአያቷ ክታብ ላይ አብራሳክስ የሚል እንዳየች ጻፈች። ፎቶ እንድታመጣ ተጠየቀች። ክታቡ እናቷ ጋ እንደሆነ ተናገረች። ፎቶው አልመጣም፤ እኛም አልገፋንም። እኚሁ አባት ግን ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልግ ገለጹ። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ የሚለውን የአምስቱን ቅንዋት ስም ሁሉም ያውቀዋል። ይህ በሮማውያን ዘንድ ከአራቱም ጎን ሲነበብ አንድ ሆኖ የሚገኝ ባለ አምስት ቃል ካሬ ነበር፤ ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ። በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔ ግድግዳ ላይ ተገኝቷል። ቃል አገር ያቋርጣል፤ ሲሻገርም ትርጉሙን ጥሎ አዲስ ይለብሳል። አንዳንዶች ቅር አላቸው። እሳቸው ግን ጸሎቱ የእኛ ነው፣ ፊደሉ መንገደኛ ነው ብለው አለፉ።

ክሩ የጋለው 318 ሲነሳ ነው። ቁጥር 25 ምንም ክፋት አልነበረውም። ፊደልን እንደ ቁጥር ማንበብ የመናፍቃን ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነበር። በበርናባስ ስም የሚጠራው የጥንት መልእክት ዘፍጥረት 14 ላይ ያሉትን የአብርሃም 318 ሎሌዎች እንዲህ ይፈታቸዋል፦ 18 ዮታና ኤታ ናቸው፣ የኢየሱስ ስም መጀመሪያ። 300 ታው ናት፤ ታው የመስቀል ቅርጽ አላት። ይህን ካለ በኋላ ነገሩን አንድ እርምጃ ገፋው። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ቁጥር በጊዜው አንድ አልነበረም አለ። እዚያው የነበረው አውሳብዮስ ከ250 በላይ ሲል፣ አትናቴዎስ አንድ ቦታ 300 ያህል፣ በኋላ 318 ይላል። ቁጥሩ 318 ላይ የጸናው በአብርሃም ሰዎች ምሳሌ ሳይሆን አይቀርም።

ቁጥር 26 በዚህ ተነሳበት። ሠለስቱ ምዕትን ሊቀንስብን የመጣ ተሐድሶ ነህ አለው። ቁጥር 27 አገዘችው። ቁጥር 25 አንድ ጳጳስም አልቀነስኩም ብሎ ማለ። መሀል የገቡት ያው አባት ናቸው። አምብሮስና ሂላሪን የመሰሉ አባቶች ራሳቸው 318ቱን ጳጳሳት ከአብርሃም ሎሌዎች ጋር እያመሳሰሉ አስተምረዋል። ምሳሌ ማየት መካድ አይደለም። ደግሞም ብለው ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ጨመሩ፦ እኛ ራሳችን ቅዳሴያቸውን ስንጠራ በአጭሩ «ሠለስቱ ምዕት» ነው የምንለው፤ ሦስት መቶ ብቻ። ያን ጊዜ 18ቱን ማን ቀነሳቸው? ቁጥር 26 መልስ አልነበረውም፤ ግን ይቅርታም አልጠየቀም።

666 ሳይነሳ እንዲህ ያለ ክር አያልቅም። ተነሳ። የክትባት ካርድ፣ የመታወቂያ ቁጥርና የባር ኮድ ወሬ ስላለበት እዘለዋለሁ። አንድ ጠቃሚ መልስ ግን ነበር። ሄሬኔዎስ ለ666 በግሪክኛ የሚሠሩ ስሞች ፈልጎ ላቴይኖስንና ቴይታንን አግኝቷል፤ ሁለቱም ልክ ይመጣሉ። «ኔሮን ቄሳር» በዕብራይስጥ ፊደል ሲጻፍ 666 ነው። «ኔሮን» ከሚለው የመጨረሻው «ን» ቢጣል 616 ይሆናል። የሚገርመው በግብፅ ኦክሲሪንከስ የተገኘ የራእይ ፓፒረስ ቁጥሩን 616 ነው የሚለው። ሄሬኔዎስም በዘመኑ 616 የሚሉ ቅጂዎች እንደነበሩ ያውቃል፤ የጸሐፊ ስሕተት ነው ይላል።

ይኸው ሄሬኔዎስ ነው ደግሞ የቁጥር ጨዋታን ያላገጠበት። ቁጥር 29 ይህን አመጣ፤ እኔም ለክሩ ባለቤት በግል ልልክለት ከጅሎኝ ነበር። ሄሬኔዎስ 5ን ይዞ ተጫወተ። አዳኝ፣ አባት፣ ፍቅር የሚሉት የግሪክኛ ቃላት ሁሉም አምስት አምስት ፊደል ናቸው። እንጀራው አምስት፣ ልባሞቹ ደናግል አምስት፣ ጣታችን አምስት፣ ስሜታችን አምስት። ስለዚህ 5ም ምሥጢር ነዋ! ማንኛውም ቁጥር ከፈለጉት ይገኛል ለማለት ነው። ይህን ያለ ሰው ላቴይኖስን ቁጭ ብሎ መደመሩ ግን ያስቃል። ጨዋታው ሱስ ነው።

ሱስ መሆኑን ለማየት ሩቅ አልሄድንም። ቁጥር 30 የራሷን ስም አስልተው እንዲነግሯት ጠየቀች። ቁጥር 31 የእናቷን ስም ካልጻፈች እንደማይቻል ነገራት፤ ዐውደ ነገሥት ላይ ስም ከእናት ስም ጋር ተደምሮ በ12 ይገደፋል፣ የቀረው ኮከብ ነው። አባታችን ይህን ሲያዩ ቅር እንዳላቸው በሁለት መስመር ገለጹ። ሌላው ተቀበላቸውና፣ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ አቡሊዲስ በሮማ ተመሳሳይ ነገር ሲነቅፍ እንደነበር ጻፈ። በዚያ የነበሩት ጠንቋዮች በግሪክ ተረት የሚታወቁትን ጦረኞች፣ የሄክተርንና የፓትሮክሎስን ስም ደምረው በ9 እየገደፉ በውጊያ ማን እንደሚያሸንፍ እናውቃለን ይሉ ነበር። ልጅቷ የእናቷን ስም አልጻፈችም። በምትኩ በፖምፔ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው ቁጥሯ 545 የሆነችውን እወዳለሁ ብሎ መቸክቸኩን የነገራት ነበርና፣ የስልክ ቁጥር ከመስጠት ይሻላል ብላ ሄደች።

ከዚያ ክሩ ላላ። አንዱ ካርሎስ ሳንታና በ1970 ባወጣው አልበም የተነሳ ቃሉን እንደሚያውቀው ጻፈ። አቴንስ የሚኖር ሰው ደግሞ የልጁ ክፍል እስከ ዛሬ በፊደል እንደሚጻፍ ነገረን፤ አንደኛ ክፍል አልፋ፣ ሁለተኛ ክፍል ቤታ። ስለ አብራሳክስ የጠየቃቸው ጎረቤቶቹ ግን ከሮክ ሙዚቃ ውጭ የሚያውቁት እንደሌለ አከለ። አብራካዳብራ ከዚያው ነው ወይ ተብሎም ተጠየቀ። ይመስላል፣ ግን አልተረጋገጠም የሚል መልስ ተሰጠ። አብራካዳብራን ያቆየልን ሴሬኑስ የሚባል የሮማ ባለመድኃኒት ነው። ለወባ መሰል ትኩሳት ቃሉን ከላይ ወደ ታች አንድ አንድ ፊደል እያጎደሉ ጽፎ አንገት ላይ ማሰር ነበር ማዘዣው። ትኩሳቱም እንደ ቃሉ እያነሰ ይጠፋል ማለት ነው።

የመጨረሻውን ዙር ያነሳው ቁጥር 35 ነው። አብራሳክስና ሜይትራስ 365 ላይ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ጻፈ። ኔይሎስ፣ ማለትም የዓባይ ወንዝ የግሪክኛ ስም፣ እሱም 365 ነው። ኑ 50፣ ኤፕሲሎን 5፣ ዮታ 10፣ ላምዳ 30፣ ኦሚክሮን 70፣ ሲግማ 200። ይህን የኤሜሳው ሄሊዮዶሮስ ስለ ኢትዮጵያዊት ልዕልት በግሪክኛ በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ራሱ አንስቶታል፤ ዓመቱን የሚያመጣው ወንዙ ነውና ስሙም ዓመቱን ይቆጥራል። የክሩ ባለቤት ከብዙ ዝምታ በኋላ ብቅ አለ። ኢትዮጵያ መጠቀሷ አስደስቶታል። የዚያ መጽሐፍ ኢትዮጵያ መርዌ እንደሆነች፣ ዛሬ ሱዳን ውስጥ እንደምትገኝ ሲነገረው ግድ አልሰጠውም።

ግእዙ ስም ይደመርልኝ አለ። ግዮን። መምህሩ፣ የቁጥር 3ቱ፣ በትዕግሥት ጠመኔውን እንደገና አነሳ። ስሙ በግሪክኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንደተጻፈ ወሰደው፤ ጋማ 3፣ ኤታ 8፣ ኦሜጋ 800፣ ኑ 50። ድምሩ 861 መጣ። የክሩ ባለቤት ኤታዋን በዮታ ቢቀይሩት ስንት እንደሚሆን ጠየቀ። 863 ተባለ። ኤታዋን መልሰው ኦሜጋዋን በኦሚክሮን ቢተኩስ? 131። አሁንም ሌላ አጻጻፍ እየፈለገ ነው።